የአጎቴ ጀሪካን፦ ስለ ትራንስፎርመር ዘይት ጠይቄ የመጡልኝ 27 መልሶች

የመክፈቻ ጽሑፍ (የራሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አጎቴ በያጅ ነው። ከተማው ዳር ባለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር፣ መስኮትና የአጥር ብረት ይሠራል። የብየዳ ማሽኑ እዚሁ አገር የተሠራ ነው፤ እንዳይግል ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ዘይቱ ሲጎድል ከአንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ በጀሪካን ይገዛል። የትራንስፎርመር ዘይት ነው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቀው ሄጄ ሌላ ነገር አየሁ። መስኮቱ ደፍ ላይ በሃይላንድ እስከ ግማሽ የተቀዳ ዘይት ተቀምጧል። ማታ ማታ ጉልበቱን ይታሽበታል። ለቁርጥማት ፍቱን ነው ይላል። ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ሲያሽ አየሁት። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና እራት ቀረበ። እንጀራውን ቆርሶ መጀመሪያ ያጎረሰው እኔን ነው።

ኤሌክትሪክ አላውቅም። ግን አንዳንድ የቆየ የትራንስፎርመር ዘይት ፒሲቢ የሚባል መርዝ እንዳለበት ሰምቻለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። መፍራት አለብኝ ወይ? ዘይቱ ፒሲቢ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ካለበትስ የት ይወሰዳል?

መልሶቹ በአራት ቀን 27 ደረሱ። መሃል ላይ ወሬው ብዙ ቦታ ስለሄደ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ በየቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ነገሩን አቀለለው። አባቱ ጋራዥ ነበራቸው፤ በዚህ ዘይት እጃቸውን ሲታጠቡ ኖረው ሰማንያን አልፈዋል። ሰውየውን እንዳላስጨንቀው መከረኝ። በክፋት የጻፈው አይመስለኝም። ያንን ማታ ባላየው ኖሮ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

መልስ 2። አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ነች። የመልስ 1ን አባት ዕድሜ ይስጣቸው ብላ ጀመረች። ከዚያ አስረዳችን። ፒሲቢ 209 ዓይነት ያለው ትልቅ ቤተሰብ ነው። በፋብሪካ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካ ውስጥ ነው። በቀላሉ እሳት አይነሳበትም፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ሙቀት ይችላል። ለትራንስፎርመርና ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ለካፓሲተር፣ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው። እሳት ያልበገረውን ፀሐይም ባክቴሪያም ቶሎ አያፈርሱትም። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ስብ ውስጥ ግን ይገባል፤ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል። ሣር የበላችው ላም፣ ወተቷን የጠጣው ሰው፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን፣ እያለ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ተርታ መድቦታል። በቆዳ በኩልም ወደ ሰውነት ይገባል። እዚህ ጋ ስደርስ የአጎቴ ጉልበት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

መልስ 3። ትራንስፎርመሩ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን አውቄ? እኔ ያየሁት ጀሪካን ነው።

መልስ 4። ከሁሉም መልሶች ብዙ ጊዜ ያነበብኩት ይህንን ነው። የጻፉት ሰላሳ ዓመት ትራንስፎርመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ወዲያው ጋሼ እንላቸው ጀመር።

መጀመሪያ ታርጋው እንዲታይ አዘዙ። ትራንስፎርመር ሁሉ ፋብሪካውን፣ ዓመቱንና የዘይቱን ዓይነት የሚናገር የብረት ታርጋ አለው። አስካሬል፣ አሮክሎር፣ ክሎፌን ወይም ፒራሊን የሚል ከተገኘበት ፒሲቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራም ይጠረጠራል። ግን ታርጋውን ብቻ ማመን አይበቃም አሉ፤ ምክንያቱን ሲያስረዱ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። እሳቸው በነበሩበት ዎርክሾፕ አንዲት የዘይት ማጣሪያ ማሽን ነበረች። የመጣውን ትራንስፎርመር ሁሉ ዘይት የምታጣራው እሷው ናት። ቱቦዋ በመሃል አይታጠብም። ከአንዱ የገባው ፒሲቢ ወደ ሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል። ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ትራንስፎርመርም እንዲህ ነው የሚበከለው። ዘይት ሲጎድል ከሌላ በርሜል መሙላትም ያው ነው። ይህንን ያን ጊዜ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን በዘይቱ ያስለቅቁና፣ በሰጋቱራ አሽተው፣ ወደ ምሳ ዕቃቸው ይሄዱ ነበር። ከጓደኞቻቸው በሕይወት ያሉትን በጣት ቆጥረው ጻፉ። በምን እንደሞቱ ግን አልጻፉም። ሳያውቁ ምክንያት አለመስጠታቸውን አከበርኩላቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። እኛ ቤት የሚጣል ነገር የለም። ጀሪካኑ ውሃ ይቀዳበታል፣ ቆርቆሮው ማሰሮ ይከድናል። ትራንስፎርመርም ሲወድቅ እንዲሁ ነው። መዳቡ ለአንዱ፣ ብረቱ ለሌላው፣ ዘይቱ ለሦስተኛው ይደርሳል። እናቶቻችን ያሳደጉን በዚህ ቁጠባ ነው፤ የምኮራበትም ነገር ነው። ይህ መርዝ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደውም በዚሁ መንገድ መሆኑ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

መልስ 5። አንድ ልጅ ቀላል ዘዴ ይዞ መጣ። ብርጭቆ ውሃ ላይ ዘይቱን ጠብ ማድረግ ነው፤ ከሰመጠ ፒሲቢ ነው፣ ከተንሳፈፈ ንጹሕ ነው።

መልስ 6። ይህኛው ተቆጣ። እንዲህ ያለ ግማሽ እውቀት ሰው ይገድላል ሲል መልስ 5ን ወረደበት። ቁጣው በዛ፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። ንጹሕ ፒሲቢ ከውሃ ስለሚከብድ በእርግጥ ይሰምጣል። ጀሪካን ውስጥ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተራ የማዕድን ዘይት ነው፤ ፒሲቢው የተቀላቀለበት በትንሹ ነው። እሱ መርዝ እያለበትም ይንሳፈፋል።

መልስ 7። መልስ 6ን ደግፎ ሒሳብ ሠራልን። ዓለም አቀፉ መለኪያ 50 ፒፒኤም ነው፤ በኪሎ 50 ሚሊግራም ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘይት ወደ 17 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ስለዚህ ጀሪካኑ በሙሉ አንድ ግራም የማይሞላ ፒሲቢ ይዞ እንደ ተበከለ ይቆጠራል ማለት ነው። ቀለሙ አይለወጥ፣ ሽታው አይለወጥ። በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም።

መልስ 8። መልስ 5 ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ጠየቀ፤ ከየት እንዳነበበው እንደማያስታውስም ተናገረ። ጥሩ ልጅ ነው።

መልስ 9። አንዲት እናት ነች። ባሏ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ልብሱን የምታጥበው እሷ ነች፣ የአራት ወር ልጅ ታጠባለች። ጡት ላቋርጥ ወይ ብላ ጠየቀች። ድንጋጤዋ ከፊደሉ ያስታውቃል፤ ነጥብ የለ፣ ክፍተት የለ።

መልስ 10። አንድ ሰው በቁጣ መለሰ፣ ቁጣው ግን በእኔ ላይ ነው። ምንም ሳላረጋግጥ የሰው ቤት አሸብሬያለሁ። ሕዝቡ የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ አልበቃው ብሎ ይህን ልጨምርበት? እውነት ለመናገር ቃሉ ከበደኝ። ሴትዮዋን ያስደነገጥኳት እኔ ነኝ።

መልስ 11። ደግነቱ ነርስ የሆነች እህት ቶሎ ደረሰች። እናትየው ጡት እንዳታቋርጥ ደጋግማ ነገረቻት። በእናት ወተት ውስጥ ፒሲቢ መኖሩ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን አሁንም ማጥባትን ነው የሚመክረው፣ ጥቅሙ ይበልጣልና። መለወጥ ያለበት ልብሱ ነው። ባልየው የሥራ ቱታውን እዚያው ሥራ ቦታ ያውልቅ፣ ለብቻው ይታጠብ፣ ልጁን ከማቀፉ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። በዚህ ውይይት ላይ ከተጻፈው ሁሉ በዚያው ቀን ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነው። እናትየው ማታ ተመልሳ ቱታው ከቤት መውጣቱን ነገረችን።

መልስ 12። መምህርቷ ለመልስ 10 በጨዋነት ምላሽ ሰጠች። ሰው የሚሸበረው ዘግይቶ ሲነገረው ነው ብላ የጃፓንን ታሪክ አመጣች። እ.ኤ.አ. በ1968 ምዕራብ ጃፓን ውስጥ አንድ ፋብሪካ የሩዝ ፉርሽካ ዘይት ለምግብ ያመርት ነበር። ዘይቱን ለማሞቅ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ፈሳሽ ፒሲቢ ነበር። ቱቦው አሾለከ። ቀድመው ያለቁት ዶሮዎች ናቸው፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ መኖ በልተው በመቶ ሺዎች ሞቱ። የዶሮው ነገር እየታወቀ የሰው ዘይት ከገበያ አልተነሳም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰዎች ፊታቸው ላይ ጥቁር ብጉር ወጣ፣ ጥፍራቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈሳሽ ያወጣ ጀመር። ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ተወለዱ። ዩሾ የተባለው በሽታ ይህ ነው። በመንግሥት የታወቁት ሕመምተኞች ከ2,000 በላይ ናቸው። በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ ያው ነገር ታይዋን ውስጥ ተደገመ።

መልስ 13። እዚህ ላይ እርማት መጣ። ጃፓኖቹ ዘይቱን የበሉት ሰዎች ናቸው፣ ያውም ብዙ። በዚያ ላይ ፒሲቢው ደጋግሞ በመጋሉ ከፊሉ ፍዩራን ወደ ሚባል ሌላ መርዝ ተለውጦ ነበር፤ ፍዩራን ደግሞ ከፒሲቢ ይብሳል። ስለዚህ ጉልበት ከማሸት ጋር እኩል አይታይም። መምህርቷ እርማቱን ወዲያው ተቀበለች። መልስ 10 ግን ይህን ይዞ ድል ያደረገ መሰለው።

መልስ 14። ሜሪላንድ የምትኖር እህት ነች። ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ የሚያልፈው አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ታያለች፤ ያገራችን ልጆችም አሉበት። የከተማው አስተዳደር በፒሲቢ ምክንያት አንዳንዱ ዓሣ ጨርሶ እንዳይበላ፣ ሌላውም በልክ እንዲሆን ያስጠነቅቃል። አሜሪካ ፒሲቢ ማምረትን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ከወንዙ ጭቃ አልወጣም። ለሚያጠምዱት የምትነግራቸው ቆዳውንና ስቡን ገፈው እንዲጥሉ ነው፤ መርዙ የሚሸሸግ ስብ ውስጥ ነውና።

መልስ 15 እና 16። ዓሣ ከተነሳ ማን ይቆማል። አንዱ የዝዋይን ዓሣ አነሳ፤ እዚያ የተገኘው ዲዲቲ ነው። ሁለተኛው ወደ ጫት ወሰደው። ዲዲቲ ለወባ ተብሎ መጥቶ ጫት ላይ ይረጭ እንደነበር አገር የሚያውቀው ነው። የሚቅም ወንድሙን ቅጠሉን እጠብ ብሎ ቢለምነው ጣዕሙ ይጠፋል ብሎ እንቢ አለው።

መልስ 17። የአቃቂን ወንዝ፣ በወንዙ የሚለማውን ጎመንና የቆዳ ፋብሪካዎችን ክሮም ጠቀሰ። ንዴቱ እውነተኛ ነው፤ ልጅ ሆኖ የዋኘበት ወንዝ ነው።

መልስ 18። መምህርቷ ክሮምን ለየችው። ክሮም ንጥረ ነገር ነው፣ የትም ብታቃጥለው ክሮምነቱን አይለቅም። ፒሲቢና ዲዲቲ ግን ሰው የሠራቸው ውህዶች ናቸው፤ መንገዱ ከተገኘ ይፈርሳሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግን መፍትሔውም ይሳከርብናል።

መልስ 19። ይሄ እኔ ነኝ። ወደ ጀሪካኑ መልሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። አጎቴ ዛሬም ማታ ይታሻል።

መልስ 20። ምን ያጨቃጭቃል፣ ክብሪት ጫሩበት ያለ ሰው መጣ።

መልስ 21። ጋሼ እንደዚህ ሲቆጡ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ። ፒሲቢ ሜዳ ላይ ሲቃጠል አይጠፋም፣ ዳዮክሲንና ፍዩራን የሚባሉ መርዞች ይሆናል። ጭሱ የሚያርፈው ጎረቤት ጓሮ፣ ዶሮና ላም ላይ ነው። በትክክል ለማቃጠል ከ1,100 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ጋዙ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቆይቶ። ይህን የሚችለው ለዚሁ የተሠራ ምድጃ ነው። ሌላው መንገድ በሶዲየም ፒሲቢው ውስጥ ያለውን ክሎሪን ነቅሎ ዘይቱን ማዳን ነው፤ እሱም የጓሮ ሥራ አይደለም።

መልስ 22። ሽንት ቤት ይደፋ የሚል ሐሳብ ነው። ሦስት ሰው አንድ ላይ ጮኸበት፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣው ማን ነው?

መልስ 23። አንድ ሕግ የሚያውቅ ሰው ስለ ስቶክሆልም ስምምነት ጻፈ። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈረመ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም ከ2003 ጀምሮ አለችበት። ፒሲቢ ያለባቸው ዕቃዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱና ቆሻሻው እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ይላል። አገራችን ይህን ዓይነት ነገር ስታስወግድም የመጀመሪያዋ አይሆንም። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከየመጋዘኑ ተለቅሞ፣ ከሺህ ቶን በላይ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጥሏል። ያ ሁሉ በርሜል ከተለቀመ የእኔ ጀሪካን የማይለቀምበት ምክንያት የለም። ይህ መልስ ተስፋ ሰጠኝ።

መልስ 24። እነሱ አምርተው፣ እነሱ ሸጠው፣ ሲከለክሉ ለኛ አሮጌውን ላኩብን ብሎ የተቆጣ ነው። ምሬቱ ይገባኛል።

መልስ 25። ቤልጂየም የሚኖር ወንድም መለሰለት። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው በአውሮፓ መሃል የትራንስፎርመር ዘይት ከመኖ ስብ ጋር ተቀላቀለ። ወደ 50 ኪሎ ፒሲቢ ነበር። 500 ቶን የሚሆን መኖ ተበከለ፤ ዶሮና እንቁላል በየአገሩ ከሱቅ ተለቀመ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የነበረው መንግሥት በምርጫ ወደቀ። እነሱም ጋ የተሻገረው ያገለገለ ስብ ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ በሚውልበት መንገድ ነው። ከጃፓኑ ጋር ያያዝኩት ዶሮዎቹን ሳይ ነው። ሁለቱም ቦታ ቀድመው የተናገሩት ዶሮዎች ናቸው።

መልስ 26። አሮጌ ብረት የሚገዛ ልጅ ነው። እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ሲመጣም ተቆጥቶ። እሱ የሚፈልገው መዳቡን ነው። ዘይቱን ቢደፋ ሰፈሩ ይጮህበታል፣ ቢያስቀምጥ ቦታ የለውም፣ ቢሸጥ የአንድ ቀን ዳቦ ነው። መርዝ አለበት ብሎ ደጁ የመጣ ሰው የለም። እጁ ላይ ያለው ሽፍታ ከምን እንደሆነም አያውቅም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ከምታወግዙን፣ ገዝቶ የሚያስቀምጥልን አምጡልን አለን።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ጭር አለ። ዘይቱን ለአጎቴ የሸጠውን ነጋዴ እኔም በልቤ ረግሜው ነበር። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሥራውን እንዲናገር፣ ወፍራም የጎማ ጓንት እንዲያደርግ ነርሷ ጻፈችለት።

መልስ 27። አንድ ወጣት ኢንጂነር አንድ መመርመሪያ እንደ ቀረው ጻፈ፤ ጊዜው አላለፈም። ቅዳሜ ከጋሼ ጋር መጥቶ ሊያይልኝ ቃል ገባ።

መጡም። የማልረሳው ቅዳሜ ነው። ጋሼ ገና ከመግባታቸው ሁላችንም እጃችንን ታጥበን እንድናደርቅ አዘዙ። ላብ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ እንደ ፒሲቢ ክሎሪን ስላለው፣ ክሎሪን የሚፈልገውን ምርመራ ያሳስታል። መመርመሪያው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ስስ ብልቃጦች አሉት። ከጀሪካኑ 5 ሚሊ ሊትር ቀዱ። ብልቃጦቹን ከውጭ ጨምቀው ሰበሩ፣ ወዘወዙ፣ ጠበቁ። መጨረሻ ላይ ወይን ጠጅ ከሆነ ከ50 በታች ነው፤ ቀለሙ ከጠፋ ወይም ቢጫ ከሆነ ይጠረጠራል። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ አጎነበሰ። ወይን ጠጅ ሆነ።

አጎቴ እልል ሊል ምንም አልቀረው። በሉ ጉልበቴን መልሱልኝ ብሎ ሃይላንዱን ሊያነሳ ሄደ። ጋሼ እጁን ያዙት። ከ50 በታች ማለት የለም ማለት አይደለም፤ መለኪያው የቆሻሻ አወጋገድ ነው፣ ለቆዳ ይሆናል የሚል የለም። ለቁርጥማቱ ሐኪም አለ። ከዚያ አስተማሩን። ጀሪካኑ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቢያፈስ እንኳ መሬት እንዳይነካ። ምን እንዳለበት በትልቁ ይጻፍበት። ከሌላ ዘይት ጋር አይቀላቀል። የፈሰሰው በሰጋቱራ ይነሳ፣ ሰጋቱራውም ይታሰር። ባዶ ጀሪካኑ ውሃ አይቀዳበት። መመርመሪያው ራሱ ሜርኩሪ ስላለው እሱም ለብቻው ታሰረ።

አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። ሃይላንዱን አይታ ያኛው ከዚህ ጀሪካን የተቀዳ አይደለም አለች። የዓምና ነው። የዓምናው ጀሪካን ሲያልቅ የቀረችው እሷ ነች፤ ከሌላ ነጋዴ የተገዛች። ለጎረቤትም ከሷ ላይ ሁለት ጊዜ በብርጭቆ ሰጥታለች።

ኢንጂነሩ ቦርሳውን ዳግመኛ ፈተሸ። መመርመሪያው ያቺው አንዷ ነበረች።

ሃይላንዱ አሁን በፌስታል ታስሮ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ፣ ከሳፋው አጠገብ ነው። ጎረቤቷ ጋ ዛሬ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ። መመርመሪያ ያለው ወይም ይህን ዘይት የሚረከብ ቦታ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እዚሁ ስር ጻፉልኝ።